ሃያ ስድስት ቀን ነቅቼ ነበር

በመጀመሪያ የደነዘዙት የእግሬ ጣቶች ናቸው። ሰኞ ጠዋት ካልሲ ሳጠልቅ ጉንዳን የወረራቸው መሰለኝ። አራግፌ አየሁ፤ ምንም የለም። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ብርቱ ተቅማጥ ይዞኝ ሦስት ቀን ተኝቼ ስለነበር የዚያ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያን ዕለት ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ከዳኝ። ባለቤቴ አስካለ ከኋላዬ ነበረችና «ምነው፣ በጠዋቱ ቀመስክ እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ቃሊቲ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሥነ ልቦና መግቢያ አስተምራለሁ። የዚያ ሳምንት ትምህርት ስለ ንቃተ ኅሊና ነበር። ለዓመታት የጻፍኩትን ፍቺ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ «ሰው ስለ ራሱና ስለ አካባቢው ያለው ግንዛቤ»። አንድ ሰው ንቁ መሆኑን የምናውቀው በምላሹ ነው አልኳቸው፤ ስሙን ስንጠራው ይዞራል፣ ስንቆነጥጠው እጁን ይሰበስባል። መሃል የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ እየሰማ መመለስ ቢያቅተውስ?»

«እሱ የፍልስፍና ጥያቄ ነው፤ ለፈተና አይመጣም» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። ማርከሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጄ የወደቀው ያኔ ነው። አነሳሁት። እንደገና ወደቀ።

ረቡዕ ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። የቫይታሚን መርፌ ወግተው ዕረፍት አዘዙልኝ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስላልሆነ አልፈርድባቸውም። ይህን የምታነቡ ግን አንድ ነገር ያዙ፦ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ መደንዘዝና መዛል፣ በተለይ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ከመጣ፣ ነገ የሚባልለት አይደለም። ሐሙስ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ዓርብ የጠጣሁት ውኃ በአፍንጫዬ ተመለሰ። አስካለ ታላቅ ወንድሜን ጌታሁንን ጠራችው። ጌታሁን ሳሪስ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ አባታችን ካረፈ በኋላ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። አራቱን ፎቅ በጀርባው አዝሎኝ ወረደ። በየመታጠፊያው ግድግዳውን ተደግፎ እያረፈ «አይዞህ፣ ደርሰናል» ይለኛል።

ሆስፒታል ውስጥ ከአከርካሪዬ ፈሳሽ ቀድተው መረመሩ። የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ሐኪም ዶክተር ሄኖክ ይባላል፤ ወጣት ነው። አልጋዬ አጠገብ ቆሞ በደንብ አስረዳኝ። «ጊላን ባሬ ሲንድረም ይባላል። የሰውነትዎ መከላከያ ተሳስቶ የራስዎን ነርቮች እያጠቃ ነው። የነርቩ ሽፋን ስለተጎዳ የአእምሮ ትእዛዝ ጡንቻው ጋ አይደርስም። ገና ሊብስ ይችላል፤ ከዚያ ግን ቀስ ብሎ ይመለሳል። አእምሮዎን አይነካም።»

ይህን የመጨረሻውን ቃል በኋላ እሱ ራሱ ረሳው። እኔ አልረሳሁትም።

ቅዳሜ ትንፋሼ አጠረ። በጉሮሮዬ ቱቦ አስገብተው ቬንትሌተር የሚባለውን የመተንፈሻ ማሽን ገጠሙልኝ። አልጋ ቁጥር አራት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይኔ እናገር ነበር፤ አንዴ ማርገብገብ እሺ፣ ሁለቴ እንቢ። አምስተኛው ቀን ላይ ቱቦው በአክታ ተዘጋ። አየር አጣሁ። ማሽኑ ጮኸ። ሰዎች ሮጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ልቤ ቆሞ ነበር። ደረቴን እየተጫኑ መለሷት።

ስነቃ ጨለማ ነው። ዓይኔን ልግለጥ አልኩ፤ አልተገለጠም። እጄን ላንሳ አልኩ፤ አልተነሳም። አንድ ጣት የዓይኔን ቆብ ከፍ አድርጎ ባትሪ አበራብኝ። ብርሃኑ ወጋኝ። ከብርሃኑ ጀርባ የዶክተር ሄኖክን ፊት አየሁ። አለሁ አልኩት። ድምፅ የለም። ላርገብግብ ብዬ ታገልኩ። ምንም።

«ብሌኑ አይመልስም» አለ።

የእጄን ጥፍር በብዕር ተጫነ። አመመኝ። እስካሁን ካመመኝ ሕመም ሁሉ በላይ አመመኝ።

«ለሕመምም አይመልስም።»

የሆነውን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ልቤ በቆመባት ሰሞን በሽታው ደግሞ ጣሪያው ላይ ደርሶ የቀሩኝን የፊትና የዓይን ነርቮች ዘጋቸው። ሁለቱ አብረው ስለመጡ አንዱ ሌላውን ሸፈነው። ሐኪሞቹ አእምሮዬ ኦክስጅን አጥቶ ሞቷል ብለው ደመደሙ። ሲቲ ስካኑ ላይ የጎላ ነገር አልታየም፤ እሱም ገና ስለሆነ ነው ተባለ። ዓይኔ እንዳይደርቅ ቅባት ቀብተው በፕላስተር ዘጉት።

ስለ እኔ የሚነጋገሩበት ቋንቋም ተለወጠ። ስገባ «እሳቸው» ነበርኩ። በማግስቱ «እሱ» ሆንኩ። ሳምንት ሳይሞላኝ «አልጋ አራት» ብቻ ሆንኩ። «አልጋ አራት ሰክሽን ይፈልጋል።» አክታ የሚስበው ቀጭን ጎማ ሳይነግሩኝ በቱቦው ይገባል፤ እስትንፋሴ ይቆረጣል፣ ደረቴ ከውስጥ የሚገለበጥ ይመስለኛል። በየጥቂት ሰዓቱ። ስለማይሰማው ማስታገሻ አያስፈልገውም ተብሏል። በሽታው ራሱ ደግሞ ያቃጥላል። እግሮቼ የፈላ ውኃ ውስጥ የተነከሩ ያህል ነበሩ። ቆዳዬን አንሶላ ሲነካው የሚቆስል ይመስለኝ ነበር። መጮህ አልቻልኩም። ማልቀስም አልቻልኩም። ላብ ብቻ ነበረኝ።

በቀላሉ የማልገልጸው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ሰውነቴ ምንም ስላልመለሰልኝ የት እንደምጀምርና የት እንደማበቃ ጠፋኝ። አንዳንዴ ጣሪያው ላይ የተሰፋሁ ይመስለኛል። አንዳንዴ የቬንትሌተሩ ድምፅ የከባድ መኪና ፍሬን ይሆንና ቃሊቲ መንገድ ላይ፣ በተደረደሩ ተሳቢዎች መሃል አስፋልቱ ላይ የተኛሁ ይመስለኛል፤ ሾፌሮቹ በላዬ ላይ ይነጋገራሉ። ከዚህ የከፋም ነበር። ሕመሙ አለ፣ ድምፁ አለ፣ ግን የማን እንደሆነ አላውቅም። ስሜን ፈልጌ አጣሁት። ስሜቱ ነበር፤ ባለቤቱ አልነበረም። ለአሥራ አራት ዓመት «ስለ ራሱ ያለው ግንዛቤ» እያልኩ ሳስተምር ራስ የሚባለው ከግንዛቤው ተለይቶ ሊጠፋ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሌላው ጭንቅ ደግሞ ሕልምንና እውነትን መለየት ነበር። ዓይን ሳይገለጥ፣ እጅ ሳይዳስስ፣ የሰማሁትን ሰማሁት ወይስ ፈጠርኩት? ማንን ልጠይቅ? የዶክተር ሄኖክ ንግግር እውን ነው ወይስ የእኔው ፍርሃት? ማረጋገጫ አልነበረኝም። ምናልባት ሞቼ ይሆናል፤ ሞት ማለት ይህ ይሆናል ብዬ ያመንኩባቸው ቀናት ነበሩ። መጨረሻ የሌለው መስሎኝ ነው የተንቀጠቀጥኩት። በውስጤ ማለቴ ነው።

ከዚህ ያወጣችኝ ሲስተር ጫልቱ ናት።

ሲስተር ጫልቱ የቀን ነርስ ነበረች። ከሁሉም የምትለየው ከመንካቷ በፊት በመናገሯ ነው። «መምህር፣ ጫልቱ ነኝ። ወደ ቀኝ ላገላብጥዎት ነው» ትላለች። ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ። አንድ ቀን ገላዬን እያበሰች የካርዴን አድራሻ አንብባ ኖሮ እንዲህ አለችኝ።

«ኮዬ ነው ለካ የሚኖሩት። እኔ እኮ እዚያ ነው የተወለድኩት። ያ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ የአባቴ ማሳ ነበር። ጤፍ፣ ጓያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ትንሽ ምስር። የእናታችን ጎጆ የነበረበት አሁን የታክሲ ማዞሪያ ሆኗል። አባቴ ዛሬም በዚያ ሲያልፍ ሚኒባስ ውስጥ ቆቡን ያወልቃል። ለምን እንደሆነ ጠይቀነው አናውቅም።»

የሕይወቴን አቅጣጫ የቀየረው ይህ ወሬ ነው። ጓያ ተዘርቶ አይቼ አላውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ቆቡን የሚያወልቅ ሽማግሌ እኔ ልፈጥር አልችልም። ከራሴ ሊወጣ የማይችል ነገር ሰምቻለሁና ከእኔ ውጭ ሌላ ሰው አለ፤ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ የሚሰማው እኔም አለሁ ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሰማሁትን ሁሉ በዚህ መዘንኩት፤ ልፈጥረው እችል ነበር ወይስ አልችልም? ከዳንኩ በኋላ ጫልቱን ስለ አባቷ ስጠይቃት የያዘችው ሳህን ከእጇ ወደቀ።

ግን መኖሬን ማወቄ ሥቃዩን አላቀለለውም። አባሰው እንጂ። ከዚያ በፊት የሚሰቃየው ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን እኔ መሆኔን አወቅሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ዶክተር ሄኖክ አስካለንና ጌታሁንን አልጋዬ ጋ ጠራቸው። በራስጌዬ በኩል ቆመው ነው የተነጋገሩት።

«ልቡ ዳግም ከቆመ ደረቱን ባንጫነው ይሻላል የሚል ሐሳብ አለን» አለ ዶክተሩ። «ራሱን ያውቃል ብዬ አላምንም።»

ጌታሁን የአልጋዬን ብረት ሲይዝ ተሰማኝ። ከዚያ «አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ ዶክተር፤ እየተሰቃየ ነው?» አለ።

«አይ። የሚሰቃይ ሰው የለም።»

«እንግዲያው ይረፍ» አለ ወንድሜ። «እኔ ነኝ ያሳደግሁት። እንዲህ ሆኖ አይቆይ። ይረፍ።»

«ያለ እኔ ፊርማ አይሆንም» አለች አስካለ። «እኔ ደግሞ አልፈርምም።»

«አስካል፣ ሰውዬው እኮ የለም!»

«የት ሄደ?» አለችው። «እስቲ የት እንደሄደ ንገረኝ።»

እውነቱን ልጻፍ። አብረውኝ የታመሙ ሰዎች ይህን ካነበቡ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ይወቁልኝ። በዚያች ሰዓት ከወንድሜ ጋር ነበርኩ። ፈርሚ፣ ፈርሚ እያልኩ በውስጤ ጮኽኩባት። የምወዳትን ሚስቴን፣ የልጄን እናት፣ ጠላኋት። እዚያ ውስጥ ያቆየችኝ እሷ ናትና።

አስካለ ጋርመንት ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። በምሳ ሰዓት አስፈቅዳ በሁለት ታክሲ ትመጣለች። በየቀኑ የሆነውን ሁሉ ትነግረኝ ነበር፤ ልጃችን ሶልያና በሂሳብ ስንት እንዳመጣች፣ የውኃ ፈረቃችን መቀየሩን። አንድ ቀን ሞኒተሩ ላይ የልብ ምቴ ከፍ ሲል አይታ ዶክተር ሄኖክን ጠራችው። «ስለ ልጁ ስነግረው ይጨምራል፤ ይኸው!» አለችው። እሱም በትሕትና፣ በሽታው የልብ ምትን ራሱ እንደሚያወዛውዝ ነገራት። ልክ ነበር። ያወዛውዛል። ያን ጊዜ ግን ስለ ሶልያና ስለሰማሁ ነበር የጨመረው። ሁለታችንም ማረጋገጥ አልቻልንም።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ አስካለ ዝም አለች። መጣች፣ ተቀመጠች፣ እጄን ያዘች፣ ሄደች። በማግስቱም። በሦስተኛውም ቀን። አራተኛው ቀን ላይ ከመሄዷ በፊት ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች። «ከሌለህ ለማን ነው የማወራው?» አለችኝ። «ካለህስ ምን አድርጌህ ነው የማትመልስልኝ?»

ከሁሉ የከፋው ያ ነበር። ከሰክሽኑም፣ ከእግሬ ቃጠሎም።

የነርቭ ሐኪሟ ዶክተር ወርቅነሽ ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር የምትመጣው። ለአንድ ወር ያህል ሌላ ቦታ ተመድባ ቆይታ የተመለሰች ዕለት ካርዴን ቆማ አነበበችው። ገጹን ስትገልጥ ይሰማኛል።

«ጊላን ባሬ ነው የገባው» አለች።

«አዎ፣ ግን ልቡ ቆሞ ነበር» አለ ዶክተር ሄኖክ።

«ጊላን ባሬ ሲከፋ ብሌንንም ያቆማል። ኢኢጂ ተሠርቶለታል?»

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር።»

«አሁን ሠርቷል። ዛሬውኑ።»

ከሰዓት በኋላ ጭንቅላቴን በጄል እየቀቡ ሽቦ ለጠፉበት። ኢኢጂ የአእምሮን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያነብ መሣሪያ ነው፤ አያምም። ዶክተር ወርቅነሽ ጆሮዬ ላይ «አሁን ዓይንዎን ልገልጠው ነው» አለች። ፕላስተሩን አነሳች። ከፈተች፤ ዘጋች። እንደገና ከፈተች። አጨበጨበች። ስሜን ጠራች።

«ሄኖክ፣ ና እየው» አለች። «ዓይኑ ሲዘጋ ይህ ሞገድ ይመጣል፤ ሲከፈት ይጠፋል። ይህ የተኛ ሰው አይደለም። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጠን ሰው ነው።»

የዶክተር ሄኖክ ጫማ ወደ ራስጌዬ ሲቀርብ ሰማሁ። ትንፋሹ ጆሮዬን ነካው። «መምህር» አለ። «ዶክተር ሄኖክ ነኝ። አሁን እንደሚሰሙኝ አውቄያለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከልቤ መቆም እስከዚያች ሰዓት ሃያ ስድስት ቀን መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ካርዴን ሳይ ነው።

የደስታ ቀን ይመስላል። አልነበረም። መኖሬን አወቁ፤ እኔ ግን አሁንም መናገር አልችልም። ስድስት ቀን ካለፈ በኋላ የግራ ዓይኔ ቆብ ላይ እንደ ዝንብ ክንፍ ያለ ነገር ተንቀሳቀሰ። ያየችው ጫልቱ ናት። ዶክተር ወርቅነሽና አስካለ ተጠሩ። አንዴ እሺ፣ ሁለቴ እንቢ ተባባልን። «ያምዎታል?» አዎ። «እግርዎን?» አዎ። «ጀርባዎን?» አዎ። አስካለ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። በመሃል ገባችና «መኖር ትፈልጋለህ አይደል የኔ ጌታ?» አለች። እሺ እንደምላት እርግጠኛ ነበረች።

የዓይኔን ቆብ ሁለት ጊዜ አነሳሁ።

«አልገባኝም፤ እንደገና» አለች።

ሁለት ጊዜ አነሳሁ።

እጄን ለቀቀችው። ከክፍሉ ወጥታ ስትሄድ እርምጃዋን ቆጠርኩ። ዶክተር ወርቅነሽ አልወጣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሰምቼዎታለሁ» አለችኝ። «አልተሳሳቱም፣ አልቆጣዎትምም። ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ያለ ማስታገሻ ነው የኖሩት፤ አሁን የሚመልስልኝ ሕመሙ ይሁን እርስዎ መለየት አልችልም። መጀመሪያ ሕመሙን ልያዘው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይህንኑ ጥያቄ እጠይቅዎታለሁ። ያኔም እንቢ ካሉ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

ለነርቭ ሕመም የሚሆን መድኃኒት ጀመረችልኝ። ሰክሽን ከመደረጉ በፊት እንዲነገረኝ በትልቁ ጽፋ ራስጌዬ ላይ ለጠፈች። በአራተኛው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የሚባል እንቅልፍ ተኛሁ።

አስካለ በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ስለ መለስኩላት መልስ አላነሳችም። የካርቶን ክዳን ላይ ፊደል ገበታ ጽፋ መጥታ ነበር። መጀመሪያ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እያለች ትወርዳለች፤ የምፈልገው ጋ ስትደርስ ዓይኔን አነሳለሁ። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ፊደል እስከ ሰባተኛው ትቆጥራለች። አንድ ቃል ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያው ቃሌ «ትራስ» ነበር። የትራሱ እጥፋት ለቀናት ጆሮዬን ቆርጦኝ ነበርና። አስካለ ትራሱን አስተካክላ ከልቧ ሳቀች። «ይሄን ሁሉ ከርመህ ትራስ!»

በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ማክሰኞ ዶክተር ወርቅነሽ ቃሏን ጠብቃ መጣች። ወንበሩን ሳበች፤ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። እሺ ማለት አልቻልኩም፤ ውሸት ይሆንብኛል። እንቢም አላልኩ። ገበታውን እንዲያመጡልኝ በዓይኔ ፈለግሁ። ሦስት ፊደል ጻፍኩ። «ይቆይ።»

«ጥሩ» አለች። «ይቆይ።»

ከዚያ ነገሩ በጣም ቀስ ብሎ መመለስ ጀመረ፤ ነርቭ የሚያድገው በዝግታ ነውና፣ መጀመሪያ ፊቴ፣ ቀጥሎ አንገቴ፣ ከዚያ ትከሻዬ፣ እንደገባው ሳይሆን በተቃራኒው ከላይ ወደ ታች፣ በየሳምንቱ አንዲት ጡንቻ ትንሽ ትንሽ ስትነቃ ፊዚዮቴራፒስቱና ጫልቱ እንደ ሕፃን ጥርስ እየተጠራሩ ያዩልኝ ነበር። በሦስተኛው ወር ቬንትሌተሩን በቀን ለአንድ ሰዓት፣ ለሁለት ሰዓት እየነቀሉ አለማመዱኝ፤ በመጨረሻም በመሃል ከጉሮሮዬ ወደ አንገቴ አዛውረውት የነበረው ቱቦ ወጥቶ ቀዳዳው ሲዘጋ የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤ የሽማግሌ ድምፅ ሆኖ ነበር።

ጌታሁን በዚያ ሁሉ ጊዜ ይመጣ ነበር፤ ግን ፊት ለፊቴ አይቆምም። እግሬን ያሻል፣ ጥፍሬን ይቆርጣል፣ ከሳሪስ አቦ ያመጣውን ፀበል ግንባሬ ላይ ያደርጋል፣ ይሄዳል። መናገር ከቻልኩ በኋላ አንድ እሑድ አስቀረሁት።

«ሰምቻለሁ ጋሼ» አልኩት። «ይረፍ ስትል ሰምቻለሁ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቅባት ከጣቶቹ መሃል ታጥቦ የማይወጣ መካኒክ ነው፤ እነዚያን እጆች ሳይ ያዘለኝ ትዝ አለኝ። «እኔ እኮ...» አለ።

«እኔም ያንኑ ነበር የምልህ። ባትለው ኖሮ ብቻዬን ነበርኩ» አልኩት። ይህን ያልኩት ላጽናናው ብዬ አይደለም። እውነት ስለነበር ነው። አልጋዬ ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ከሆስፒታል ስወጣ አራተኛ ፎቅ የማይታሰብ ስለሆነ ጌታሁን ሳሪስ ካለው ግቢው ምድር ቤት ያለውን ክፍል ለቀቀልን፤ እዚያ ከተሽከርካሪ ወንበር ወደ ምርኩዝ፣ ከምርኩዝ ወደ ከዘራ እስክደርስ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖርን፤ ሶልያና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፈችና እየዘረጋች የቤት ሥራዋን ታጠናብኝ ነበር። ዛሬ ወደ ኮዬ ተመልሰናል። በሳምንት ሁለት ቀን አስተምራለሁ። እግሬ ጫፉ አሁንም ይጎተታል፤ ሲበርድ ይቃጠላል፤ ቶሎ ይደክመኛል። አንዳንድ ጠዋት ዓይኔን ከመግለጤ በፊት ይገለጥ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ያ ፍርሃት ይለቀኛል ብዬ አልዋሻችሁም። ክፍል ውስጥ ያችን ተማሪ ፈልጌ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ የጠየቀችኝን ግን አታስታውሰውም።

ዶክተር ወርቅነሽን፣ ሲስተር ጫልቱን፣ ፊዚዮቴራፒስቴን አመሰግናለሁ። ዶክተር ሄኖክንም አመሰግናለሁ፤ ስህተቱን ለባልደረቦቹ ሁሉ ቆሞ የተናገረው እሱ ራሱ ነው። አስካለን ማመስገን ግን አልችልም፤ ለዚያ የሚሆን ቃል ገበታው ላይ የለም።

አልጋ አጠገብ ለምትቀመጡ የምለው ጥቂት ነው። ከመንካታችሁ በፊት ማን እንደሆናችሁና ምን ልታደርጉ እንደሆነ ተናገሩ። ቀኑን ንገሩት። በራስጌው ቆማችሁ ስለ እሱ ከመነጋገር ውጭ ወጥታችሁ ተነጋገሩ። በሽታው ጊላን ባሬ ከሆነና ምላሽ ከጠፋ፣ ኢኢጂ ይሠራለት ብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። ስለ ሕመም ማስታገሻ ጠይቁ። እንዲሁም፣ በሽተኛው መሞት እፈልጋለሁ ካለ አትቆጡት፤ አትፍረዱበትም፤ ሕመሙን አሳክሙለትና ቆይታችሁ እንደገና ጠይቁት። እኔን ያዳነኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ግን የእኔ ታሪክ የተስፋ ቃል ሆኖ እንዳይወሰድብኝ። ምላሽ የማይሰጥ ሁሉ ውስጡ አለ ማለት አይደለም። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ሰው ጠቁሟት ደወለችልኝ። እናቷ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ፣ ሐኪም ቤት ሳይናገሩ ከተኙ ሳምንት አልፏቸዋል። ሄድኩ። ልጅቷ እናቷ አልጋ አጠገብ በሁለት እጇ ከዘራዬን ይዛ «እርስዎ ያውቃሉ፤ ይሰማታል?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። «እኔ መስማቴ እሳቸው ይሰማሉ ማለት አይደለም። ማንም ከውጭ ሆኖ በእርግጠኝነት አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ማለት የምትፈልጊውን በይ።»

ልጅቷ ከዘራዬን ለቃ ወደ በሩ አየች። አፍራ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው» ብላ ጀመረች። እኔ ወጣሁ።

እናቷ ከዘጠኝ ቀን በኋላ አረፉ። ጣታቸውን አላነቃነቁም፣ ዓይናቸውን አልገለጡም። ልጅቷ ከቀብር መልስ ደውላ ነገረችኝ።

«ምልክት አላየሁም» አለችኝ። «ግን ሁሉንም ነግሬያታለሁ። አንድም አላስቀረሁም።»